ማባዛቱማ ቀላል ነው፤ ማን ያስቆመዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ፣ ከደሴ

በዚህ እትም አራት ጥያቄዎች አሉ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። ግን አራቱም አንድ ነገር ላይ ተገናኝተዋል፦ ሴሎች ሲባዙ ኮምፒዩተር አስልቶ (“ሲሙሌሽን” ይሉታል) ሊነግረን ይችላል ወይ? ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ወሬም አበዛለሁ። ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። ኮምቦልቻ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለፕሮጀክት የባክቴሪያ እድገት ሲሙሌሽን ደረሰኝ። በየ20 ደቂቃው እጥፍ እንዲሆን አድርጌ በኤክሴል ሠራሁት። ግራፉ ሽቅብ ተተኩሶ ከገጹ ወጣ። አማካሪዬ አየና “እንደገና ሠርተሽ ነይ” ብሎ መለሰኝ። ምን እንደጎደለው ግን አልነገረኝም። (ሰ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ምግብ ሞልቶለት፣ ሙቀቱም 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነለት፣ በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ኤክሴሉ አልዋሸሽም። ችግሩ የሚያስቆመው ነገር አለማስገባትሽ ነው።

እስኪ እስከ ጥግ እንሂድበት። ከአንድ ባክቴሪያ ተነሺ። በ10 ሰዓት 30 ጊዜ እጥፍ ይሆንና ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የሚገኝ ቁጥር ነው። በ24 ሰዓት ግን 72 ጊዜ እጥፍ ይሆናል። የአንዷ ባክቴሪያ ክብደት የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው። አባዥውና ወደ 4,700 ቶን ይመጣል። 47,000 ኩንታል! ለአንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ብንጭን ከ900 በላይ መኪና ያስፈልጋል። የሐረጎ ዳገት በአይሱዙ ይዘጋል ማለት ነው። 48 ሰዓት ከለቀቅሽውማ ክብደቱ የምድራችንን ክብደት ከ3,000 ጊዜ በላይ ያጥፋል። ይህንን ግራፍ ይዘሽ ስትመጪ አማካሪሽ ቢመልስሽ አልፈርድበትም። ምክንያቱን አለመንገሩ ግን ደስ አላለኝም።

ማባዛትማ የሁለተኛ ክፍል ልጅም ይችላል። የሲሙሌሽን ሥራ “መቼ ይቆማል? በምን ምክንያት?” የሚለውን መጻፍ ነው።

ብልቃጥ ውስጥ የተዘራ ባክቴሪያ አራት ወቅት አለው። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ አዲሱን ምግብ ለመብላት የሚያስፈልጉትን ኢንዛይሞች እያዘጋጀ ነው። ከዚያ በእጥፍ በእጥፍ ይሮጣል። ቀጥሎ ምግቡ ይመናመናል፣ ቆሻሻው ይጠራቀማል፣ ቁጥሩም ባለበት ይረግጣል። በመጨረሻ ሟቹ ከሚወለደው ይበልጣል። ያንቺ ሥራ የያዘው ሁለተኛውን ወቅት ብቻ ነው።

ልጓም የማስገባቱ ዘዴ አዲስ አይደለም። ቬርሁልስት የሚባል የቤልጅየም የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1838 አውጥቶታል። እሱ ያሰበው ስለ ሰው ብዛት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቦታው እየሞላ ሲሄድ እድገቱ ይቀንስ፣ ሲሞላ ዜሮ ይሁን። በኤክሴል እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

ቀጣዩ = አሁን ያለው + 0.54 × አሁን ያለው × (1 − አሁን ያለው ÷ 665)

ቁጥሮቹን ከኪሴ አላወጣኋቸውም። ቶር ካርልሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 የእርሾን እድገት በየሰዓቱ ለክቶ አሳትሟል። በኋላ አሜሪካዊው ሬይመንድ ፐርል ልኬቱን ታዋቂ አደረገው። ሲጀምር የእርሾው መጠን በእሱ መለኪያ 9.6 ነበር። በ5ኛው ሰዓት 119.1 ሆነ። በ10ኛው 513.3። በ18ኛው 661.8። እየተጠጋ የሚቆመው 665 አካባቢ ነው። 0.54 ደግሞ እርሾው ገና ሰፊ ቦታ እያለው በሰዓት ያለው የእድገት ፍጥነት ነው። ፕሮጀክትሽን በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አቁሚው፤ የሚያወዳድሩት ልኬት የሌለው ሲሙሌሽን ሥዕል ነው።

እዚህ ጋ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፎርሙላውን እንዳለ በየሰዓቱ ካስኬድሽው በ5ኛው ሰዓት የምታገኚው 77 ገደማ ነው። ካርልሰን የለካው 119 ነበር። የት ሄደ? እርሾ ሰዓት እስኪሞላ አይጠብቅም። በ10ኛው ደቂቃ የተወለደው ሴል ሰዓቱ ሳያልቅ ራሱ ማደግ ይጀምራል። ያንቺ ኤክሴል ግን ሁሉንም ሰዓት እስኪሞላ አስቀምጦ በአንዴ ነው የሚያባዛቸው። የጊዜ እርምጃውን ወደ አንድ ደቂቃ አሳጥሪው፤ 0.54ን ለ60 አካፍለሽ ማለት ነው። ያኔ በ5ኛው ሰዓት 118 አካባቢ ትደርሻለሽ።

በተቃራኒው እርምጃውን 5 ሰዓት አድርገሽ ደግሞ ሞክሪው፤ ለጉድ ነው። 0.54 በ5 ሲባዛ 2.7 ይሆናል። ቁጥሩ በአራተኛው እርምጃ 665ን ዘሎ 830 ይገባል። በቀጣዩ ወደ 274 ይወድቃል። እንደገና ይዘላል፣ እንደገና ይወድቃል፣ አይረጋም። ሮበርት ሜይ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳየው ይህች አጭር ፎርሙላ ብቻዋን ትርምስ ትፈጥራለች። አንዳንድ ፍጥረት፣ ለምሳሌ በዓመት አንዴ ተራብቶ የሚሞት ነፍሳት፣ በእውነትም እንዲህ ሊዋዥቅ ይችላል። ብልቃጥ ውስጥ ያለ እርሾ ግን አይዘልም። ስለዚህ ግራፍሽ ከዘለለ እርሾው ላይ አታላክኪ፤ የመረጥሽው እርምጃ ነው።

ጠንከር ያለ ነገር ከፈለግሽ ወደ ዣክ ሞኖ ሂጂ። የቬርሁልስት ፎርሙላ “665 ላይ ይቆማል” ይላል እንጂ ለምን እንደሚቆም አይናገርም። ፈረንሳዊው ሞኖ በ1940ዎቹ የባክቴሪያን የእድገት ፍጥነት ከምግቡ መጠን ጋር አያያዘው። ስኳር ሲበዛ ፍጥነቱ ጣሪያውን ይነካል፤ ሲያንስ ይወርዳል። በኤክሴል ሁለት ዓምድ ይበቃሻል፤ አንዱ ሴሎቹ፣ አንዱ ስኳሩ። ሴል በጨመረ ቁጥር ስኳሩን ቀንሺ። ስኳሩ ሲያልቅ እድገቱ በራሱ ይቆማል፤ ማንም 665 ብሎ አልነገረውም። አማካሪሽ “ለምን ቆመ?” ቢልሽ ያን ጊዜ መልስ አለሽ።

ሌላም አለ። ከአንድ ሴል የምትነሺ ከሆነ ዕድልን አትርሺ። አንድ ሴል የመከፈል ዕድሉ የመሞት ዕድሉን ሦስት እጥፍ ነው እንበል። እንዲያም ሆኖ ዘሩ ጠቅላላ የመጥፋት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ገና በጠዋቱ ከሞተ አለቀ! ከ10 ሴሎች ከተነሳሽ ግን ሁሉም የመጥፋታቸው ዕድል ከ59,049 አንድ ብቻ ይሆናል። የቬርሁልስት ፎርሙላ ይህንን አያይም፤ ግማሽ ሴል፣ ሩብ ሴል እያለ ይቀጥላል። ለዚህ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ዕጣ እንዲያወጣለት ማድረግ ያስፈልጋል። ዳንኤል ጊለስፒ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ያሳተመው ዘዴ ለዚህ ዓይነት ሥራ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትችዪ ከሆነ አንድ ከሰዓት አይፈጅብሽም።

ስታቀርቢ ደግሞ በቀለም ያሸበረቀ ቪዲዮ ይዘሽ አትሂጂ። ሁለት መስመር ያላት አንዲት ግራፍ ትበቃለች፤ የካርልሰን ልኬትና ያንቺ ስሌት ጎን ለጎን። የሚለያዩበትን ቦታ በጣትሽ አሳይና ለምን እንደሆነ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጥ። እህቴም ኮምቦልቻ ትጋግራለች። ጤፉን ከአንድ ነጋዴ ነው የምንገዛ፤ እርሾውንም ከእኔ ነው የወሰደች። የእሷ ሊጥ በሁለት ቀን ኩፍ ይላል፣ የእኔ ሦስት ቀን ይፈጃል። ኮምፒዩተር የሚማረው ልጄ “በሲሙሌሽን አስልቼ መቼ እንደሚደርስ እነግርሻለሁ” ይለኛል። እውነት ይችላል ወይስ እያሾፈብኝ ነው? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። ልጅሽ አላሾፈም። ግን ማወቅ ያለበት ነገር አንቺ ዘንድ ነው ያለው፤ መጀመሪያ አጠገብሽ ተቀምጦ ይቁጠር።

ሊጥ ውስጥ ያለው ነገር ሕይወት ያለው ሕዝብ ነው። እርሾ አለ፣ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ቡኮው ላይ የሚጠለለውን ቢጫ ውሃ ለሚቀጥለው ስታስቀሪ ዘር እያስቀረሽ ነው። እነዚህ ሴሎች የሚባዙበት ፍጥነት በሙቀት ይወሰናል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በእናንተና በእነሱ መካከል ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት አለ።

አሁን ስሌቱ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሴሎች ሥራ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ይህ የሚሠራው ለሴሉ በሚስማማው ሙቀት ውስጥ ነው እንጂ እስከ ፈላ ውሃ ድረስ አይደለም። በ4 ዲግሪ ሲመነዘር፣ የእህትሽ 48 ሰዓት ደሴ ላይ ከ63 እስከ 74 ሰዓት ይሆናል። አንቺ ሦስት ቀን ብለሻል። 72 ሰዓት መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ገና ሳይከፈት ስሌቱና ሊጥሽ ተስማምተዋል።

ለሥራሽ የሚጠቅም ነገር ልጨምርልሽ። ብዙ ሰው ሊጡ ሲዘገይበት እርሾ ይጨምራል። ይረዳል፣ ግን ከሚታሰበው በታች ነው። እርሾውን እጥፍ ብታደርጊ የምታተርፊው አንድ ዙር መባዛትን ብቻ ነው። ሴሎቹ በ4 ሰዓት እጥፍ ይሆናሉ ብንል፣ ያተረፍሽው 4 ሰዓት ነው። አራት እጥፍ ብታደርጊ 8 ሰዓት። ሙቀት ግን እያንዳንዱን ዙር ነው የሚያሳጥረው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ስለዚህ በክረምት በለብ ያለ ውሃ አቡኪ፣ ዕቃውን ጠቅልይው፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጪው። ምድጃው ላይ እንዳታስጠጊው ደግሞ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ እርሾ አይበረክትም።

ለልጅሽ የምለው አለኝ። እንደ ተማሪዋ አንድ ፎርሙላ ይዞ አይምጣ። ሊጥን የሚያስቆመው የምግብ ማለቅ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት አሲድ አለ። አሲዱ መጀመሪያ ሌሎቹን የማይፈለጉ ተሕዋስያን ያባርራል፤ ሲበዛ ደግሞ የሠሩትን ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ያዘገያል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ዓምድ ያስፈልገዋል፦ እርሾ፣ ባክቴሪያ፣ አሲድ። ሙቀቱን ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር ይለካ። ትንሽ ሊጥ በብርጭቆ ቀድቶ በፕላስተር ምልክት ያድርግና ኩፍ ሲል በየሁለት ሰዓቱ ይመዝግብ። ኩፍ ማለት የጋዝ ምልክት እንጂ የሴል ቆጠራ እንዳልሆነም ይወቅ። መድረሱን ግን አፍንጫሽ ከኮምፒዩተሩ ቀድሞ ያውቃል፤ ያን አትጠራጠሪ።

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ጡቷ ላይ አንድ ሴንቲሜትር የሚያህል እባጭ ተገኘ። ምርመራ ጀምራለች። የወንድሜ ልጅ በስልኩ “የካንሰር ሴል በዚህን ያህል ቀን እጥፍ ይሆናል” የሚል አይቶ፣ ስንት ጊዜ እንዳለን አስልቶ ነገረን። ቤቱ ሁሉ ተሸበረ። እውነት በዚህ ይሰላል? (ከወልድያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይዟችሁ። መጀመሪያ ያንን ስሌት ቅደዱት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። አንድ ሴንቲሜትር የሚያህል እባጭ፣ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ቢሊዮን ሴል እንደሚይዝ ይገመታል። ከአንድ ሴል እዚያ ለመድረስ 30 ዙር ያህል መባዛት አልፏል። ግን ዙሮቹ እኩል አይደሉም። እባጭ እያደገ ሲሄድ መሐሉ ያለው ሴል ደምና ኦክስጅን ያጥረዋል፤ እድገቱ ይዘገያል፤ የሚሞተውም ብዙ ነው። አና ሌርድ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 የዕጢዎችን እድገት መርምራ፣ ጎምፐርትስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1825 ስለ ሰው ሞት ያወጣውን ፎርሙላ እንደሚከተል አሳይታለች። ፍጥነቱ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ የሚሄድ ፎርሙላ ነው። በስልክ ላይ ያለው ስሌት ይህንን አያውቅም።

ደግሞም የእባጭ ፍጥነት ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። የአንዷ ዕጢ በሳምንታት እጥፍ ይሆናል፤ የሌላዋ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ሁሉም እባጭም ካንሰር አይደለም። ዓይነቱን የሚለየው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ ቀጠሮዋን አታሳልፉ፣ የናሙናውን ውጤት ሐኪሟን በግልጽ ጠይቁ፣ ጠበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምናው ጎን ይሂድ እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይሁን። የወንድምዎ ልጅ ሒሳብ መውደዱ ጥሩ ነው። እህትዎን ወደ ሐኪም ቤት ይዟት ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ነው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ዩቲዩብ ላይ “ጌም ኦፍ ላይፍ” የሚባል ነገር አየሁ። ጥቁር ካሬዎች ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ። የእውነት ሴሎች ናቸው? እኔም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ላፕቶፕ የለኝም፤ መብራትም ይጠፋል። (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ የእውነት ሴሎች አይደሉም። ጆን ኮንዌይ የሚባል የሒሳብ ሰው ያወጣው ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በመጽሔት ታትሞ ዓለም አወቀው። ካሬው ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ካለው ይኖራል፤ ከዚያ ካነሰ ወይም ከበዛ ይሞታል፤ ባዶ ካሬ ልክ ሦስት ጎረቤት ካገኘ ይወለድበታል። የትኛውም ባክቴሪያ እንዲህ አይኖርም። ለእውነት የሚቀርበው ሙሬይ ኤደን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው ነው። የእሱ ሐሳብ፣ አዲስ ሴል የሚወለደው ነባሮቹ አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚል ነው።

ላፕቶፕ አያስፈልግህም። ካሬ ደብተርና አንድ ዳይስ አምጣ። ከገጹ መሐል አንድ ካሬ አጥቁር። በየዙሩ ለእያንዳንዱ ጥቁር ካሬ ዳይስ ጣል። 1 ከመጣ ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 3 ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ግራ ይወልዳል። 5 እና 6 ዕረፍት ነው። በዚያ አቅጣጫ ያለው ካሬ ቀድሞ ከተያዘ አይወለድም። በየዙሩ መጨረሻ ጥቁሮቹን ቁጠርና ጻፍ።

መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ቆይቶ መሐል ያሉት ታፍነው ይቀራሉ፤ የሚወልዱት ጠርዝ ላይ ያሉት ብቻ ይሆናሉ። ያን ጊዜ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት አውጥተህ ከዙሩ ጋር በግራፍ ብታስቀምጠው ቀጥ ወዳለ መስመር ይጠጋል። “አጋር” በሚባለው የላቦራቶሪ ጄል ላይ የተዘራ የባክቴሪያ ክምር ዲያሜትሩ በየሰዓቱ እኩል እኩል የሚጨምረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳይሱ ከበዛብህ ጓደኛህን ጥራና አንዳችሁ ጣሉ፣ አንዳችሁ አጥቁሩ። የቆጠራችሁትን ብትልኩልኝ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።